ፕሮግራሙ ሳይሰማ የሚከፈት በር፦ ከርነል የቲሲፒን ሰላምታ እንዴት ያስተናግዳል?

አንድ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት አለፍ እንዳለ «ገጹ አይከፈትም» የሚል ስልክ ይጎርፍልን ጀመር። የምዝገባ ድረ ገጽ ነው፤ ሰርቨሩን የምንጠብቀው ሁለት ነን። ገብተን ብናየው ማሽኑ ሥራ ፈት ይመስላል። የፕሮሰሰሩ ሥራ ከመቶ ሃያ አምስት ላይ ቆሟል፤ ሚሞሪው ሰፊ ነው፤ ዳታቤዙም ዝም ብሏል። በስልኩ ለሚከፍተው ሰው ግን ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ከዚያ ወይ ገጹ ድንገት ዱብ ይላል ወይ ጭራሽ ይቀራል። የከርነሉን፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ መዝገብ ስንገልጥ አንድ መስመር አገኘን፦ በፖርት 443 ላይ የሲን ጎርፍ ሳይኖር አይቀርም፣ ኩኪ እየላክሁ ነው። (ሲን የግንኙነት መጠየቂያ መልእክት ነው፤ ኩኪውን ወደ በኋላ እናየዋለን።) ባልደረባዬ መስመሩን እንዳነበበ «በቃ፣ ተጠቅተናል» ብሎ አለቃችን ዘንድ ደወለ። ማታ ነገሩ ሲጣራ አጥቂ የሚባል አልነበረም። የጎረፈው ተመዝጋቢው ራሱ ነው፤ ደጃፋችን ላይ የነበረው ወረፋ የሚይዘው ግን 128 ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ የተሳሳተ ክስ ዛሬም በየቢሮው ይሰማል። ምክንያቱም ግንኙነት የሚጀመርበት ቦታ ከፕሮግራሙ ዓይን የተሰወረ ነው። ኮድ ጸሐፊው «አክሰፕት» ብሎ ሲጠራ የሚረከበው ያለቀለት ግንኙነት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን ድርድር በሙሉ የሚጨርሰው ከርነሉ ነው። በዚያች ቅጽበት ከርነሉን የሚገጥመው ጥያቄ ደግሞ እንግዳ የሚበዛበት ቤት ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ማንነቱን ላላረጋገጥሁት ሰው ምን ያህል ልደግስ? ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በዚህች የከርነል ጥግ የተደረገው ማሻሻያ አብዛኛው ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። መልሱም ወደ አንድ ወገን ያደላል፦ እንግዳው እስኪረጋገጥ ድስቱን አትጣድ።

ሲኑ ሲደርስ

ቲሲፒ ሁለት ማሽኖች በኢንተርኔት ዳታ የሚለዋወጡበት ደንብ ነው፤ ሰላምታው ሦስት ፓኬት፣ ማለትም ሦስት የዳታ እሽግ፣ ነው። ደንበኛው ሲን ይልካል፦ «ላናግርህ ነው፤ የእኔ ቆጠራ ከዚህ ቁጥር ይጀምራል።» ሰርቨሩ በሲን-አክ ይመልሳል፦ «ቁጥርህን ይዣለሁ፤ የእኔ ደግሞ ከዚህ ይጀምራል።» ደንበኛው በአክ ይዘጋል፦ «የአንተንም ይዣለሁ።» ቁጥር ያስፈለገው ቲሲፒ እያንዳንዷን ባይት ስለሚቆጥር ነው፤ ከየት እንደሚቆጠር ካልተስማሙ የጠፋውን ከተደገመው መለየት አይቻልም። ሥርዓቱ የተደነገገው በሴፕቴምበር 1981 በወጣው አርኤፍሲ 793 በተባለ የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በኦገስት 2022 አርኤፍሲ 9293 ሲተካውም ሰላምታው በመሠረቱ እንዳለ ቀጠለ።

ሲኑ ሊነክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለበት አንድ ማሽን ላይ ሲደርስ እንከተለው። ብዙውን ጊዜ 60 ባይት ብቻ ነው። የኔትወርክ ካርዱ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር በቀጥታ ሚሞሪ ላይ ያሳርፈውና «መጥቷል» ብሎ ይቀሰቅሳል። ፓኬት ሲበዛ ከርነሉ በእያንዳንዱ ከመባነን ይልቅ ቀስቃሹን ለጊዜው አጥፍቶ ራሱ እየዞረ ይሰበስባል። ፓኬቱ የአይፒን ፍተሻ አልፎ ቲሲፒ ዘንድ ሲደርስ አራት ነገር ይነበባል፦ የላኪው አድራሻና ፖርት፣ የተቀባዩ አድራሻና ፖርት። ከርነሉ በነዚህ አራቱ መጀመሪያ ነባር ግንኙነቶች ያሉበትን ሠንጠረዥ ይፈልጋል፤ ካጣ «እያዳመጥን ነው» ያሉ ሶኬቶች (ፕሮግራሞች ከኔትወርክ ጋር የሚገናኙባቸው ጫፎች) ወደተመዘገቡበት ይሄዳል። እዚያም ካጣ «እዚህ ማንም የለም» የሚል የሪሴት ፓኬት ይመልሳል። ብራውዘራችን ሳይውል ሳያድር «ግንኙነቱ ተቀባይነት አላገኘም» የሚለን ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ክቧ ዝም ብላ ስትዞር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አዳማጭ ከተገኘ ከርነሉ ወዲያው ሙሉ ሶኬት አይፈጥርም። ሙሉ የቲሲፒ ሶኬት ከ2,000 ባይት በላይ ይበላል። በምትኩ 300 ባይት አካባቢ የምትሆን ማስታወሻ ይይዛል፤ የሁለቱን ወገን መነሻ ቁጥርና ደንበኛው በሲኑ ላይ ያስታወቃቸውን አማራጮች ይጽፍባታል። ከዚያ ሲን-አኩን ልኮ ሰዓት ይይዛል። መልስ ካልመጣ ከ1 ሰከንድ በኋላ ይደግማል፤ ቀጥሎ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ሰከንድ እየጠበቀ። አምስት ጊዜ ደጋግሞ ምላሽ ካጣ ማስታወሻውን የሚጥለው ከተጀመረ ከ63 ሰከንድ በኋላ ነው። እስከዚያ ግንኙነቱ በእንጥልጥል ነው።

አኩ ሲመጣ ማስታወሻው ተፈልጎ ቁጥሩ ይመሳከራል። ከሰመረ ሙሉው ሶኬት ያኔ ይፈጠርና ወደ ሁለተኛ ወረፋ ይገባል፤ የመረከቢያ ወረፋ እንበለው። ፕሮግራሙ «አክሰፕት» ሲል የሚያነሳው ከዚህ ወረፋ ራስ ላይ ነው።

ስለ መነሻ ቁጥሩ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ድሮ ቁጥሩ በቀላሉ የሚገመት ነበር። በዲሴምበር 25 ቀን 1994 በኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያው በሱቶሙ ሺሞሙራ ኮምፒውተሮች ላይ የደረሰው ጥቃት ሁለት ነገር አጣምሮ ነበር፦ የሚታመነውን ማሽን በሲን ጎርፍ አፉን ማስያዝ፣ ከዚያ ቀጣዩን ቁጥር ገምቶ በዚያ ማሽን ስም መናገር። ዛሬ ሊነክስ ቁጥሩን የሚያወጣው አራቱን አድራሻና ፖርት ከምስጢር ቁልፍ ጋር ፈጭቶ፣ ሰዓት ጨምሮበት ነው። ይህ ወፍጮ ወደ በኋላ ለሌላ ሥራም ይጠቅመናል።

የማይሰማው አዳማጭ

ይህን ሁሉ በዓይን ለማየት በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አስር መስመር ይበቃል። ሶኬት ክፈቱ፣ አንድ ፖርት ላይ አስሩት፣ ባክሎጉን (የሚፈቀደውን የወረፋ ርዝመት) 1 አድርጋችሁ «ሊስን» በሉት፤ ከዚያ «አክሰፕት» ሳትሉ ፕሮግራሙን አስተኙት። አሁን ከሌላ መስኮት ተገናኙት። ይገናኛል! ፕሮግራሙ ተኝቶ ደንበኛው «ተገናኝቻለሁ» ይላል። ሁለተኛውም ይገባል፤ ሊነክስ ወረፋው «ሞላ» የሚለው ቁጥሩ ከባክሎጉ ሲበልጥ ስለሆነ አንድ ትርፍ ይፈቅዳል። ሦስተኛው ግን ይቆማል። ሲኑ ይደርሳል፤ ከርነሉ የመረከቢያ ወረፋው መሙላቱን አይቶ ፓኬቱን ድምፅ ሳያሰማ ይጥለዋል። ሪሴትም የለ፣ ይቅርታም የለ።

ደንበኛው ምን እንደገጠመው አያውቅም፤ መንገድ ላይ የጠፋ መስሎት ይደግማል። ከስሪት 6.5 በፊት ባሉ የሊነክስ ከርነሎች ድግግሞሹ 1፣ 3፣ 7፣ 15፣ 31፣ 63ኛው ሰከንድ ላይ ይውልና በ127ኛው ሰከንድ ተስፋ ይቆረጣል። እነዚህ ቁጥሮች ለመርማሪ ወርቅ ናቸው። የድረ ገጻችሁን የምላሽ ጊዜ በግራፍ ስታወጡ ሰዎች 1 ሰከንድ፣ 3 ሰከንድ፣ 7 ሰከንድ ላይ ተሰብስበው ካያችሁ ዳታቤዙን አትውቀሱ፤ ሲን እየተጣለ ነው። የዘገየ ዳታቤዝ እንዲህ በሰዓት አይዘገይም።

ከዚህ የባሰ ግራ የሚያጋባ ጊዜም አለ። ሲኑ ሲመጣ ወረፋው ቦታ ነበረው፤ ሲን-አክ ተላከ፤ አኩ እስኪመለስ ግን ወረፋው ሞላ እንበል። ከርነሉ አኩን ይጥለዋል፤ ማስታወሻው በእንጥልጥል ይቆያል። ደንበኛው በበኩሉ ሦስቱንም ደረጃ ስለጨረሰ ግንኙነቱ ጸንቷል ብሎ ዳታ መላክ ይጀምራል። አንዱ «ተጋብተናል» ሲል ሌላው «ሽማግሌ እንኳ አልተላከም» እንደማለት ነው። ሰርቨሩ ቆይቶ ሲን-አኩን ሲደግም ቦታ ከተገኘ ይታረቃሉ፤ ካልተገኘ ደንበኛው ማንም ሳይሰማው ሲያወራ ይቆያል። ከርነሉ በዝምታ ፈንታ ሪሴት እንዲልክ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ በነባሪነት ጠፍቶ የሚመጣው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሮግራሙ ለግማሽ ሰከንድ ብቻ ቢወላገድ እንኳ ዝምታው ለሁለተኛ ሙከራ ዕድል ይሰጣል፤ ሪሴት ግን በር መዝጋት ነው።

ፓኒክስ፣ 1996

እንጥልጥሉ ወረፋ እንዴት መሣሪያ እንደሚሆን ዓለም በግልጽ ያየው ፓኒክስ በተባለው የኒውዮርክ ኢንተርኔት አቅራቢ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 6 ቀን 1996 የጀመረው ጥቃት የኢሜይል፣ የድረ ገጽና የስም ሰርቨሮቹን ለቀናት አሽመደመደ። አጥቂው ያደረገው ቀላል ነው፤ የላኪው አድራሻ የተፈበረከ ሲን በላይ በላዩ መላክ። ሰርቨሩ ሲን-አኩን ወደሌለ አድራሻ ይልክና የማይመጣ አክ ይጠብቃል። በሴፕቴምበር 19 ሰርት የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ማዕከል ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ዛሬ ላይ ሆኖ የሚያስገርመው የጥቃቱ ትንሽነት ነው። የዚያ ዘመን ብዙ ስርዓቶች በአንድ ፖርት ላይ የሚይዙት እንጥልጥል ስምንት ገደማ ነበር፤ አንዱን ለመጣል ደግሞ 75 ሰከንድ ይጠብቁ ነበር። ስሌቱን ሥሩት፤ በየ75 ሰከንዱ ስምንት ፓኬት፣ ማለትም በየዘጠኝ ሰከንዱ አንዲት ፓኬት፣ አንድን በር ዘግቶ ለማቆየት ይበቃ ነበር። በስልክ መስመር ሞደም እንኳ ይህን መላክ ለማንም አያቅትም።

«ወረፋውን ማስረዘም» የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ ይጠቅማልም። ነገር ግን ትርፉ ውስን ነው፤ ላኪው የሚያወጣው 60 ባይት፣ ተቀባዩ የሚያወጣው 300 ባይትና አንድ ደቂቃ ከሆነ፣ ሩጫው ሁልጊዜ ለላኪው ያደላል።

ማስታወሻውን ለእንግዳው ማስያዝ

መፍትሔው በዚያው ሴፕቴምበር መጣ፤ የምስጢር ጽሑፍ ሊቁ ዲ. ጄ. በርንስታይን ሲን ኩኪ የሚባለውን ዘዴ አቀረበ። በኦክቶበር ጄፍ ዋይዝበርግ ሰንኦኤስ ለተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በፌብሩዋሪ 1997 ደግሞ ኤሪክ ሼንክ ለሊነክስ በኮድ አወጡት። ለእኔ ከኮምፒውተር ኔትወርክ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ የሚያስቀና ብልሃት ጥቂት ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ያለ ዘበኛን አስቡ። መዝገቡ ሞልቷል። ስለዚህ የመጣውን ሰው ስም መጻፍ ትቶ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሰዓቱንና ጉዳዩን ጽፎ በማኅተም ይሰጠዋል፤ «ይዘህ ተመለስ» ይለዋል። ዘበኛው ራሱ ምንም አያስቀምጥም። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ከተመለሰ ማኅተሙ ይታያል፤ የራሱ ከሆነ ይገባል። ስሙንና አድራሻውን ዋሽቶ የመጣ ወረቀቱ እጁ ስለማይደርስ አይመለስም።

ከርነሉ ወረቀቱን የት ያገኛል? አዲስ መስክ ቢጨምር የዓለም ደንበኛ ሁሉ መቀየር ይኖርበታል። የበርንስታይን ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ ሰርቨሩ የሚመርጠው መነሻ ቁጥር 32 ቢት ነው፤ ደንበኛው ደግሞ በአኩ ላይ ያንኑ ቁጥር አንድ ጨምሮ መመለስ ግዴታው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ቁጥሩ ራሱ ነው። በመጀመሪያው አሠራር 5 ቢት ለሰዓት ቆጣሪ፣ 3 ቢት ለፓኬት መጠን፣ 24 ቢት ደግሞ ከአድራሻዎቹ፣ ከፖርቶቹና ከምስጢር ቁልፉ ለተፈጨው ማኅተም ተመደበ። ሊነክስ ቅርጹን በራሱ መንገድ ቢያበጅም ሐሳቡ ያው ነው፤ ቆጣሪው በየደቂቃው ይቀየራል፣ ከሁለት ደቂቃ ያለፈ ወረቀት አይከበርም። አኩ ሲመጣ ከርነሉ አንዱን ይቀንሳል፣ ማኅተሙን እንደገና ያሰላል፤ ከገጠመ ሶኬቱን ይፈጥራል። ደንበኛው ነገሩ መለወጡን እንኳ አያውቅም።

ነጻ ምሳ ግን አይደለም። ደንበኛው በሲኑ ላይ የጠቀሳቸውን አማራጮች ሁሉ በጥቂት ቢት መያዝ አይቻልም። የፓኬቱ መጠን በሊነክስ ለአይፒ ስሪት 4 ከአራት እሴቶች ወደ አንዱ ይጠጋጋል፦ 536፣ 1300፣ 1440፣ 1460። የመስኮት ማስፊያው (ማረጋገጫ ሳይጠበቅ የሚላከውን የዳታ መጠን የሚያሳድገው አማራጭ) ከነጭራሹ ይጠፋ ነበር፤ ከ2008 ወዲህ ደንበኛው የጊዜ ማኅተም አማራጭን የሚጠቀም ከሆነ በዚያ ውስጥ በጥቂት ቢቶች ተደብቆ ይመለሳል። ሌላም አለ፦ የመጨረሻው አክ መንገድ ላይ ቢጠፋ ሰርቨሩ ምንም ስለማያስታውስ ሲን-አኩን አይደግምም። በድረ ገጽ ላይ ችግር የለውም፤ ደንበኛው ቀድሞ ስለሚናገር ቀጣዩ ፓኬት ያንኑ ቁጥር ይዞ ይመጣል። እንደ ኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ወደ ማሽን መግቢያው) ወይም የኢሜይል መላኪያው ኤስኤምቲፒ ሰርቨሩ ቀድሞ ሰላም በሚልበት ግን ሁለቱም ዝም ብለው እየተጠባበቁ ይቀራሉ።

በዚህ የተነሳ ሊነክስ ኩኪን የሚያወጣው ሲቸግረው ብቻ ነው። የከርነሉ ሰነድ ራሱ ኩኪ የመጨረሻ መውጫ እንጂ ሕጋዊ የሆነ ከባድ ትራፊክን ለመሸከሚያ መዋል እንደሌለበት በግልጽ ያስጠነቅቃል። ሰዎች ይህን አንቀጽ አያነቡትም። እኛም አላነበብነውም ነበር።

ጎርፍ የሚመስል ዝናብ

«የሲን ጎርፍ ሳይኖር አይቀርም» የሚለው መስመር የሚጻፈው እንጥልጥሉ ወረፋ ሲሞላ ነው። በአሁኑ ሊነክስ የእንጥልጥሉም ሆነ የመረከቢያው ወረፋ ጣሪያ ፕሮግራሙ «ሊስን» ሲል የሰጠው ባክሎግ ነው፤ ባክሎጉ ደግሞ ሶማክስኮን ከሚባለው የስርዓቱ ቁጥር መብለጥ አይችልም። ሶማክስኮን ለረጅም ዘመን 128 ነበር፤ ወደ 4096 ከፍ ያለው በ2019 በወጣው ሊነክስ 5.4 ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ከርነል የያዘ ማሽን ዛሬም ሞልቷል። ሬዲስ የተባለውን ዳታቤዝ በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ያስነሳ ሰው «511 ጠይቄ 128 ብቻ ተሰጠኝ» የሚል ቅሬታ ሲነሳ ሳያይ አልቀረም።

128 ትንሽ መሆኑ በስሌት ይታያል። አንድ ሕጋዊ ደንበኛ በእንጥልጥል የሚቆየው ሲን-አኩ ሄዶ አኩ እስኪመለስ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ስልክ አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር ደርሶ መልሱ 150 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በሰከንድ 1,000 ሰው ቢመጣ በማንኛውም ቅጽበት 150 ሰው በእንጥልጥል ነው። ወረፋው ሞላ፣ ኩኪ ተጀመረ፣ መዝገቡ ላይ «ጎርፍ» ተጻፈ። አጥቂ የለም፤ ያለው ርቀት ነው። መስመሩ በተጨናነቀበት ሰዓት ደርሶ መልሱ ወደ 300 ከወጣ በሰከንድ 500 ሰው ይበቃል። የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ይህ ቁጥር ከምንም አይቆጠርም።

የመረከቢያው ወረፋ ስሌት ከዚህ ይከፋል፤ የሚለካው በርቀት ሳይሆን በፕሮግራሙ ንቃት ነው። ፕሮግራሙ ለግማሽ ሰከንድ ቢጠመድ በሰከንድ 1,000 ሰው ሲመጣ 500 ሰው ይከማቻል። ወረፋውን ለማየት ኤስኤስ የሚባለውን ትእዛዝ ለአዳማጭ ሶኬቶች ብቻ ማውጣት ነው። ለተራ ግንኙነት የባይት ብዛት የሚያሳዩት ሁለት ዓምዶች ለአዳማጭ ሶኬት ትርጉማቸው ይለወጣል፦ የመጀመሪያው አሁን ያልተነሱ ግንኙነቶች ብዛት ነው፣ ሁለተኛው ጣሪያው። የእኛ ሰኞ «129» እና «128» ይል ነበር። ያችን አንዲት ትርፍ ከፓይተኑ ሙከራ ታስታውሷታላችሁ።

የፕሮሰሰሩ ሃያ አምስት ከመቶም ያኔ ተፈታ። ማሽኑ አራት ኮር አለው። ሩብ ማለት አንዱ ኮር እስከ አንገቱ ተጠምዶ ሦስቱ ሲያዛጉ ማለት ነው። ድረ ገጹን የሚያቀርበውን ፕሮግራም፣ የኤንጂንኤክስን፣ ማስተካከያ ፋይል የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የሠራተኛ ሂደቶቹን ቁጥር ሳልነካ ነባሪው 1 ላይ ትቼዋለሁ። ያቺ አንዲት ሂደት የሁሉንም ደንበኛ ምስጢራዊ ቁልፍ ስትደራደር «አክሰፕት» ለማለት ፋታ አላገኘችም።

ሦስት ወጥመዶችን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከኮንቴይነር (ፕሮግራም ለብቻው ከሚታሸግበት ክልል) ጋር የሚሠራ ሰው ሶማክስኮንን በዋናው ማሽን ላይ አስተካክሎ ይረሳዋል፤ ቁጥሩ ግን ለእያንዳንዱ የኔትወርክ ክልል የየራሱ ነው፣ ኮንቴይነሩ ከባለቤቱ አይወርስም። ሁለተኛው የቆዩ ማሽኖች ጣጣ ነው፦ «ለፍጥነት» ተብሎ ከሰው ሰው የሚገለበጥ ቲደብሊው-ሪሳይክል የሚባል ማስተካከያ ነበር። ሲበራ ከርነሉ ከአንድ አይፒ አድራሻ የመጣውን የመጨረሻ የጊዜ ማኅተም ያስታውሳል፤ ከዚያ ያነሰ ማኅተም የያዘ ሲን ሲመጣ በዝምታ ይጥለዋል። የሞባይል ኔትወርኮች ብዙ ስልክ ከአንድ የጋራ አድራሻ ጀርባ ማስቀመጣቸው የተለመደ ነው፤ የየስልኩ ሰዓት ቆጣሪ ደግሞ የየራሱ ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ሰዎች ለአንዱ ይከፈታል፣ ለሌላው አይከፈትም፤ ሰዎቹም ስልካቸውን ይረግማሉ። በ2017 ሊነክስ 4.12 ላይ ማስተካከያው ከሥሩ ተነቀለ። ሦስተኛውን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እኛንም ያገኘን መጨረሻ ላይ ነው።

እውነተኛው ጎርፍ

ይህ ማለት ጥቃት የለም ማለት አይደለም። የሲን ጎርፍ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ጥቃት መካች ኩባንያዎች ከዋናዎቹ ተርታ የሚቆጥሩት ነው፤ የተለወጠው መጠኑ ነው። በአንድ የ10 ጊጋቢት መስመር በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ትናንሽ ፓኬት ይተላለፋል። በዚያ ፍጥነት ችግሩ ሚሞሪ መሆኑ ያበቃል፤ ኩኪ ማስላቱ ራሱ ፕሮሰሰሩን ይጨርሰዋል።

የሊነክስ ሰዎች ለዚህ ሁለት ነገር አደረጉ። የመጀመሪያው መቆለፊያውን መፍታት ነው። ለረጅም ጊዜ የአንድ አዳማጭ ሶኬት ሲኖች ሁሉ በአንድ መቆለፊያ ሥር ያልፉ ነበር፤ ሃያ ኮር ያለው ማሽን እንኳ በር ላይ እንደ አንድ ኮር ይሠራል። በ2015 ኤሪክ ዱማዜ ማስታወሻዎቹን ከአዳማጩ ሶኬት አውጥቶ ወደ ዋናው የግንኙነቶች ሠንጠረዥ አዛወራቸው፤ ሥራው በሊነክስ 4.4 ወጣ፤ ኮሮቹ ሳይጋፉ መሥራት ጀመሩ። ሁለተኛው በሩን ወደ ውጭ መግፋት ነው። ኤክስዲፒ የሚባለው ስልት ፓኬቱ የከርነሉን ረጅም መንገድ ሳይጀምር፣ ገና ከካርዱ እንደወረደ፣ በትንሽ ፕሮግራም እንዲታይ ያደርጋል። ዛሬ እነዚህ ትናንሽ ፕሮግራሞች የከርነሉን ኩኪ እዚያው ደጃፍ ላይ አውጥተው ማረጋገጥ ይችላሉ። ለሐሰተኛው እንግዳ የሚወጣው ወጪ በዚያው መጠን አነሰ።

ኩኪ የማይፈታው አንድ ነገር አለ፤ የተፈበረከው አድራሻ የእውነተኛ ሰው ሲሆን። ሰርቨሩ ሲን-አኩን ላልጠየቀ ምስኪን ይልካል፤ ኩኪ ካልጀመረ ደግሞ መልስ ሲያጣ አምስት ጊዜ ይደግምለታል። አጥቂው ሺህ ሰርቨሮችን በዚህ መንገድ ቢያስቀሰቅስ ጎርፉ የሚወርደው በሦስተኛው ሰው ላይ ነው፤ የእኛ ንጹሕ ሰርቨርም ሳያውቅ ድንጋይ ወርዋሪ ይሆናል። ይህን የሚያቆመው ከርነል አይደለም፤ ኢንተርኔት አቅራቢው ከራሱ ደንበኞች ሐሰተኛ አድራሻ ይዞ የሚወጣን ፓኬት ሲያግድ ነው። ምክሩ በጃኑዋሪ 1998 በአርኤፍሲ 2267፣ በሜይ 2000 ደግሞ በተተኪው በአርኤፍሲ 2827 በጽሑፍ ወጥቷል። የማይፈጽሙ ኔትወርኮች ዛሬም አሉ፤ ወጪው የአጋጁ፣ ጥቅሙ የሌላ ሰው ስለሆነ።

ማኅተም ያለው ወረቀት ግን ከቲሲፒ ውጭም ወልዷል። በሜይ 2021 አርኤፍሲ 9000 ሆኖ የጸደቀው፣ በቲሲፒ ፈንታ የሚያገለግለው ኩዊክ የተባለ ፕሮቶኮል ሰላምታውን ከከርነል አውጥቶ ለፕሮግራሙ ሰጥቷል፤ ሰርቨሩ ሲጨናነቅ ለደንበኛው ማኅተም ያለበት ቶክን ሰጥቶ «ይህን ይዘህ ተመለስ» ማለት ይችላል። ከዚህም አልፎ አድራሻው እስኪረጋገጥ ሰርቨሩ ከተቀበለው ባይት ሦስት እጥፍ በላይ እንዳይልክ ይከለክላል። የፓኒክስ ትምህርት ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፎ የተወለደ ፕሮቶኮል ነው።

ወደ ሰኞው ልመለስ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሶማክስኮንን ወደ 4096 ከፍ አደረግን፤ የሠራተኛ ሂደቶቹንም ቁጥር አራት አልን፤ ኤንጂንኤክስን ሳናጠፋ ማስተካከያውን ብቻ እንደገና አስነበብነው። ሂደቶቹ አራት ሆኑ፤ የወረፋው ሁለተኛ ዓምድ ግን አሁንም 128 ነው። ጣሪያው የሚለካው ፕሮግራሙ «ሊስን» ባለባት ቅጽበት ነው፤ ያ የተባለው ደግሞ ከስድስት ወር በፊት ነበር። አጥፍተን አስነሳነው። አሁን ዓምዱ 511 አለ። ባልደረባዬ «4096 አላልንም እንዴ?» አለኝ። ኤንጂንኤክስ በራሱ የሚጠይቀው 511 ነው፤ ከርነሉ ደግሞ ካልተጠየቀ አይጨምርም።